እጃችንን ከሥራ አደጋ እንጠብቅ

(በሬዲዮ የተነገረ ትምህርት፤ ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ)

  

የማነጋግራችሁ ከአሰቦት ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ቀን ቀን ልጆችን አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የልጆቹን አባቶችና እናቶች ፊደል አስቆጥራለሁ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እጅ ነው። በአማርኛ እጅ ብንለው፣ በኦሮምኛ ሀርካ ብንለው፣ በሱማልኛ ገዓን ብንለው ነገሩ ያው አንድ ነው። በየትኛውም ቋንቋ ቢጠሩት፣ የተቆረጠ ጣት ተመልሶ አይበቅልም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቀኝ እጃችሁን ወደ ፊታችሁ አንሡ። ጣቶቻችሁን ዘርጉ። አሁን ጨብጡ። አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣት ጋር አገናኙ። ይህ እጅ ዛሬ ከጧት ጀምሮ ስንት ሥራ ሠራ? ፊት ታጠበ፤ እሳት አቀጣጠለ፤ ከብት ፈታ፤ ቁርስ ቆረሰ፤ ልጅ አቀፈ፤ ገንዘብ ቆጠረ። አሁን ደግሞ ይህን ጽሑፍ ይዞ የሚያነበው እሱ ነው። እንግዲህ ከእነዚያ አምስት ጣቶች ሁለቱ የሉም እንበል። ከዘረዘርናቸው ሥራዎች ስንቱን እንደ ልብ መሥራት ይቻላል?

ይህን የምጠይቃችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ።

የማታ ተማሪዬ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ወደ ማታ ትምህርታችን መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ሽርጥ ታጥቀዋል፤ ፎጣ በትከሻቸው ጣል አድርገዋል። ቀኝ እጃቸው ከፎጣው ሥር ነው። እርሳስ ስሰጣቸው በግራ እጃቸው ተቀበሉኝ።

እኔም አላወቅሁም ነበርና፣ «አባባ፣ በቀኝዎ ይያዙት እንጂ» አልኳቸው።

ምንም ሳይናገሩ ቀኝ እጃቸውን ከፎጣው ሥር አወጡ። ሌባ ጣታቸውና መሐል ጣታቸው የሉም። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

ከትምህርት በኋላ እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። «ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ቺንጋው ከፑሊው ላይ ወጣ። ላጠፋው ስል መብራት ሄደ። ማሽኑ ራሱ ቆመ። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ፀሐይ ትጠልቃለች። መብራቱ እስኪመጣ ቺንጋውን ልመልሰው ብዬ እጄን ሰደድኩ። መብራት መጣ። ሌላ ምን እነግርሃለሁ?»

አድማጮቼ፣ ቺንጋ ማለት ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚዞረው ረጅሙ ጠፍር ነው። ፑሊ ማለት ደግሞ ቺንጋው የሚዞርበት የብረት መዘውር ነው። የእኚህ አባት ጣቶች በቺንጋውና በፑሊው መካከል ገቡ። አደጋው የደረሰው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ነው።

እኚህ ሰው ሰነፍ አልነበሩም። ሥራውንም የማያውቁ አልነበሩም። ለብዙ ዓመት ሠርተውበታል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማጥፊያውን ዝቅ ሳያደርጉ እጃቸውን አስገቡ።

እጃችን እንዴት ተሠራ?

እጅ ለምን በቀላሉ እንደሚጎዳ ለማወቅ አሠራሩን እንይ።

በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ 206 አጥንቶች አሉ። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ ድረስ፣ በአንዱ እጅ ብቻ፣ 27 አጥንቶች ይገኛሉ። በሁለቱ እጆች ስንት ይሆናሉ? 27 ሲደመር 27፣ 54 ይሆናል። እንግዲህ ከመላው አካላችን አጥንት ከአራት እጅ አንዱ እጅ በላይ የሚሆነው በሁለቱ እጆቻችን ውስጥ ነው ማለት ነው። እነዚህ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ከባድ ነገር ሲወድቅባቸው በቀላሉ ይደቅቃሉ።

አሁን ደግሞ ግራ ክንዳችሁን በቀኝ እጃችሁ ጨብጡ። ከዚያም የግራ እጃችሁን ጣቶች አንቀሳቅሱ። ከክንዳችሁ ቆዳ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማችኋል። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ያሉት እዚያ ነው፤ ጣት ውስጥ አይደለም። ጡንቻው ጣቱን የሚስበው በጅማት ነው። ሰው በሬን በገመድ እንደሚስብ ማለት ነው። ገመዱ ከተበጠሰ በሬው አይከተልም። እንዲሁም ጅማቱ ከተቆረጠ ጣቱ አይታጠፍም።

ስለዚህ ስለት ጣትን ሲቆርጥ ቁስሉን በመጠኑ ብቻ አትመዝኑት። ትንሽ የምትመስል ቁስል ጅማት ቆርጣ ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ይድናል፤ ጣቱ ግን እንደ ደረቀ እንጨት ሊቀር ይችላል።

አደጋው ከምን ይመጣል?

ስለ እጅ አደጋ ብዙ ሰው «ዕድሌ ነው» ይላል። እስቲ በየቤታችን የደረሰውን እናስታውስ። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ አለበት።

አንደኛው ችኮላ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እህል ቢፈስስ ይለቀማል። ጣት ቢወድቅ ግን ማን ለቅሞ ይመልሰዋል?

ሁለተኛው ልማድ ነው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው፤ ምንም ሆኜ አላውቅም» የሚል ሰው ሞልቷል። መቶ ጊዜ ያልያዘ ማሽን በመቶ አንደኛው ሊይዝ ይችላል።

ሦስተኛው «እስቲ ያዝልኝ» የምትባለው ቃል ናት። አንዱ ይይዛል፤ ሌላው ይመታል። የሚመታው ቢስት የሚጎዳው የያዘው ነው። በተለይ ልጆችን «ያዝልኝ» ማለት አይገባም። የሚፈለጠውን እንጨት ልጅ ሊይዘው አይገባም። ግንዱን በድንጋይ ደግፉት፤ ወይም በጉቶ ሹካ ላይ አስቀምጡት። ድንጋይ ጣት የለውም።

ማሽን አጠገብ ስንሠራ

ዛሬ በአሰቦትም፣ በሚኤሶም፣ በጭሮም፣ በሂርናም፣ በገለምሶም ወፍጮ ቤት አለ። የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት አለ። የበቆሎ መፈልፈያና የማሽላ መውቂያ ማሽንም ወደ አውድማችን መጥቷል። ማሽን ሥራ ያቀልላል። ነገር ግን ማሽን እጅን ከእህል አይለይም። የሰጡትን ይፈጫል።

እስቲ ትንሽ ስሌት እንሥራ። አንድ ፑሊ በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል እንበል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 60 ሴኮንድ አለ። 600ን ለ60 ብናካፍል 10 ይሆናል። ፑሊው በአንድ ሴኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሰው ደግሞ ድንገት አደጋ ሲያይ እጁን ለመሰብሰብ የሚጀምረው ወደ አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፑሊው ሁለት ጊዜ ዞሯል። እንግዲህ «ቢይዘኝ ቶሎ አወጣዋለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው። የማንም እጅ፣ የጎበዝም ቢሆን፣ ማሽን አይቀድምም።

ስለዚህ ማሽን ሲታነቅ፣ ቺንጋ ሲወጣ፣ ወይም ጽዳት ሲያስፈልግ አራት ነገሮችን በተራ አድርጉ።

1. አጥፉ። ማጥፊያውን ዝቅ አድርጉ። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ሞተሩን አጥፉ። መብራት ራሱ ቢሄድም ማጥፊያውን ዝቅ አድርጉ። መብራት ሲሄድ ማሽኑ የቆመ ይመስላል። አልቆመም፤ አድፍጧል።

2. ጠብቁ። ማሽን ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይሽከረከራል። ፈጽሞ ጸጥ እስኪል ጠብቁ።

3. አስጠብቁ። ማጥፊያው በሣጥን ውስጥ ከሆነ ሣጥኑን ቆልፉና ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ቁልፍ ከሌለ አንድ የሚታመን ሰው ማጥፊያው አጠገብ አቁሙ። እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ስትሠሩ ሌላ ሰው ሳያይ እንዳያስነሣው ነው።

4. ከዚህ በኋላ እጃችሁን አስገቡ። የታነቀውን በዱላ ወይም በሜንጦ ማውጣት የሚቻል ከሆነ ግን እጅ ባይገባ ይሻላል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ዱላም አታስገቡ፤ ዱላውን ሲስብ እጃችሁንም አብሮ ይስባል።

የበቆሎ መፈልፈያ ላይ እህሉ ሲዘገይ በእጅ መግፋት ያምራል። አትግፉት። ቀነስ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ወይም አጥፉና አጽዱ።

የቺንጋ መከለያም ያስፈልጋል። መከለያ ማለት ቺንጋውንና ፑሊውን ዙሪያውን የሚሸፍን የሽቦ ወንፊት ወይም ቆርቆሮ ነው። የአካባቢያችን ብረት ሠራተኞች ሊሠሩት ይችላሉ። ሰው ቢዘናጋም፣ ልጅ ቢሮጥም፣ የነጠላ ጫፍ ቢንቀሳቀስም መከለያው ያግዳል። ጥንቃቄ ይረሳል፤ መከለያ ግን አይረሳም።

ይህን በተመለከተ ከባቡር ሥራ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። የእኛ አሰቦት የባቡር ጣቢያ ከነበራቸው ከተሞች አንዷ ናትና ነገሩ አይከብዳችሁም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አሮጌው የባቡር መስመር ያለፈው በእኛው በኩል ነው። በዚያን ዘመን፣ ከዚያም በፊት፣ የባቡር ሥራ በዓለም ላይ ጣት የሚበላ ሥራ ነበር። በአሜሪካ አገር አንዱን ፉርጎ ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ሠራተኛ በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል ይቆም ነበር። ፉርጎዎቹ ሲጋጠሙ መቀርቀሪያውን በእጁ ያስገባል። ብዙዎች እዚያ ላይ ጣታቸውን፣ እጃቸውን፣ ሕይወታቸውንም አጡ። በኋላ ኢላይ ጃኒ የሚባል ሰው ፉርጎዎቹ ሲነካኩ በራሳቸው የሚቆላለፉበትን መያዣ ሠራ። ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 ነው። በ1893 ደግሞ ባቡሮች በራሱ የሚቆለፍ መያዣ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሥራ ላይ የሚደርሰው አደጋ በጣም ቀነሰ።

ሠራተኞቹ ከድሮዎቹ ይልቅ ብልህ ስለሆኑ ነውን? አይደለም። እጅ እዚያ መግባቱ ስለ ቀረ ነው። የእኛም ቺንጋ መከለያ ሲኖረው እጅ እዚያ መግባቱ ይቀራል።

ስለት ስንይዝ

ማሽን የሌለው ሰው «ይህ እኔን አይመለከተኝም» እንዳይል ነው። ማጭድ፣ ገጀራ፣ መጥረቢያና ቢላዋ የሌለው ቤት የለም።

እኔ ራሴ በመምህራን ማሰልጠኛ ሳለሁ በእጅ ሥራ ትምህርት ጊዜ ጣቴን ቆርጫለሁ። እንጨቱን በግራ እጄ ይዤ መሮውን በቀኝ እጄ እገፋ ነበር። መሮው አዳለጠኝና የግራ ሌባ ጣቴ ላይ ዐረፈ። ጠባሳው አሁንም አለ። መሮው ደንዞ ነበር። ስለደነዘ በኃይል ገፋሁት፤ በኃይል ስለገፋሁት አመለጠኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ተማርኩ። የመጀመሪያው፣ የደነዘ ስለት ከተሳለ ስለት ይልቅ አደገኛ ነው። ሁለተኛው፣ ስለት በሚሄድበት መንገድ ላይ እጅ አይቀመጥም። ስለቱ ቢያመልጠኝ ወዴት ይሄዳል ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መልሱ «ወደ እጄ» ከሆነ አያያዛችሁን ለውጡ።

ማሽላ ስታጭዱ አገዳውን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ማጭዱ ዝቅ ብሎ ይሂድ። በያዛችሁበት እጅና በማጭዱ መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ይኑር። በደቦ ስታጭዱ ጎን ለጎን አትጠጋጉ። ክንዳችሁን ከነማጭዱ ስትዘረጉ ጎረቤታችሁን የማይነካ ርቀት ይኑር። ሲመሽ ማጭድ በአገዳ ክምር ውስጥ ጥሎ መሄድ ክፉ ልማድ ነው። በማግስቱ ክምሩን የሚያነሣው እጅ የማን እንደሚሆን አይታወቅም። ስለቱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ቤት ውሰዱ፤ ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስቀሉት።

መጥረቢያ ስታነሡ መጀመሪያ ዛቢያውን ነቅንቁ። ከላላ ሽብልቅ ምቱበት። ውኃ ውስጥ መንከር ለጊዜው ያጠብቀዋል እንጂ ሲደርቅ ይላላል።

እናቶች፣ ሙቀጫም አለ። ሁለት ሴቶች ዘነዘና ይዘው ሲፈራረቁ ማየት ያስደስታል። ሕፃን ግን የሚያየው ፍሬውን ነው፤ ዘነዘናውን አያይም። የወጣውን ፍሬ ለመመለስ እጁን ይሰድዳል። ስለዚህ ስትወቅጡ ሕፃን አጠገባችሁ አይቀመጥ። ሙቀጫ ውስጥ እጅ የሚገባውም ዘነዘናዎቹ ሁለቱም መሬት ከነኩ በኋላ ብቻ ነው። ይህም «መጀመሪያ አጥፋ» ማለት ነው፤ የሙቀጫ ማጥፊያው ዘነዘናን ማስቀመጥ ነው።

ገመድ፣ መኪናና ቀለበት

ግመልና በሬ የምትስቡ ወንድሞች ስሙኝ። ገመዱን በእጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት። እንስሳው ሲደነግጥ ገመዱ ይጠብቃል፤ ጣትን አንቆ ይቆርጣል፤ ወይም ሰውየውን ይጎትተዋል። ትርፉን ገመድ አጣጥፋችሁ በመዳፋችሁ ጨብጡ። ያን ጊዜ እጃችሁን ስትከፍቱ ገመዱ ይሄዳል፤ እናንተ ትቀራላችሁ።

ሽንኩርትና እህል የምትጭኑ ወጣቶችም፣ የመኪናውን ስፖንዳ ስትዘጉ «እጅ አንሡ!» ብላችሁ ጩኹ፤ መልስ ሳትሰሙ አትዝጉ። ጎማ ስትፈቱ መኪናውን የያዘው ክሪክ ብቻ ከሆነ እጃችሁን ከሥር አታስገቡ። ክሪክ ይንሸራተታል። ጠንካራ ግንድ ደግፉበት፤ ጎማዎቹም ላይ ድንጋይ አድርጉ።

ቀለበት በሥራ ሰዓት ይውለቅ። ከመኪና ላይ ሲዘለል ቀለበት ሚስማር ላይ ቢያዝ የሰውየው ክብደት በሙሉ በአንድ ጣት ላይ ይንጠለጠላል። ቆዳውን ከነሥጋው ሊገፍፈው ይችላል። የጋብቻ ቀለበት ለክብር ነው፤ ወደ ሥራ ስትሄዱ በክር አሥራችሁ ኪሳችሁ አኑሩት፤ ጋብቻው አይፈርስም።

ልብስም እንዲሁ ነው። ማሽን አጠገብ ስትቆሙ ፎጣው ከትከሻ ይውረድ። ነጠላና ሻሽ ጫፉ ይታሰር። የተንዠረገገ እጅጌ ይሰብሰብ።

ስለ ጓንት ብዙ ሰው ይሳሳታል። እሾህ ስትመነጥሩ፣ ሻካራ ገመድ ስትስቡ፣ የቆርቆሮ ጠርዝ ስትይዙ ጓንት በጣም ይጠቅማል። የሚሽከረከር ማሽን ላይ ግን ሊጎዳ ይችላል። የእንጨት መቁረጫ ሴጋ፣ መብሻ ወይም ቺንጋ የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጅን አብሮ ይስባል። ስለዚህ ጓንት ለእሾህና ለስለታም ጠርዝ፤ ለሚዞር ነገር ግን ባዶና ራቅ ያለ እጅ።

አደጋ ቢደርስስ?

ይህን ክፍል ጮክ ብላችሁ ለቤተሰባችሁ አንብቡት።

ደም የሚፈስስ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ። አሥር ደቂቃ ያህል ሳትለቁ ተጫኑ። «ቆመ ይሆን?» እያላችሁ ጨርቁን አታንሡ። ደሙ ቢያልፍ ሌላ ጨርቅ ደርቡበት። ጣትን በክር ወይም በጎማ አንቃችሁ አትሠሩ፤ ደም የማያገኝ ጣት ይሞታል።

ቀለበት ካለ እጁ ከማበጡ በፊት ቶሎ አውልቁ።

ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ደሙ ከቆመ በኋላ በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ አፈር፣ እበት፣ ናፍጣ አታድርጉበት። አባቶቻችን ያደረጉት ለክፋት አይደለም፤ ሐኪም ሩቅ ስለነበረ ነው። ነገር ግን በአፈርና በእበት ውስጥ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ተውሳክ አለ። ሐኪሞች ቴታነስ ይሉታል። በትንሽ ቁስል ገብቶ ጡንቻን ያደርቃል፤ ይገድላልም። መከላከያው ክትባት ነው። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ስለሚከተቡ ከዚህ በሽታ ይጠበቃሉ። በአገራችን የሕፃናት ክትባት በሰፊው መሰጠት የጀመረው ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብዙ ጎልማሳ ወንዶች ይህን ክትባት ወስደው አያውቁም፤ ወይም በልጅነት የወሰዱት ኃይሉ ደክሟል። አባቶችና ወንድሞች፣ ቁስል ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «የቴታነስ ክትባት ያስፈልገኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ቀን ሳታሳድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ጣቱ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ፤ የጣቱ ጫፍ ከደነዘዘ፤ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፤ መግል ከያዘ፤ ወይም ቅላት ወደ ክንድ ከወጣ።

ጣት ፈጽሞ ከተቆረጠ የወደቀውን ጣት አትጣሉት፤ አትቅበሩትም። በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ላስቲኩን አሥራችሁ በቀዝቃዛ ውኃ ወይም በረዶ ባለበት ዕቃ ውስጥ አኑሩት። ጣቱ ራሱ በረዶውን መንካት የለበትም። ከዚያ ከሰውየው ጋር ወደ ሆስፒታል ይዛችሁ ፍጠኑ። የተቆረጠ ጣት መስፋት ከባድ ሕክምና ነው፤ የትም ቦታ አይገኝም፤ ሁልጊዜም አይሳካም። ነገር ግን ሐኪሙ ይፍረድ እንጂ እኛ ቀድመን ተስፋ አንቁረጥ።

ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለዚህ ጉዳይ ይናገራል። አሠሪ ሠራተኛውን ከሥራ አደጋ የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የመስጠት፣ ስለ አደጋውም የማስተማር ግዴታ አለበት። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ መጠቀም አለበት። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም ለሕይወታቸውና ለጤናቸው በሚያሰጋ ሥራ ላይ ማሠራት ክልክል ነው።

አደጋ ከደረሰ ወዲያውኑ ለአሠሪው ንገሩ። አሁን ደግሞ መጻፍ ችላችኋልና ጻፉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በምን እንደተጎዳችሁ፣ ማን እንዳየ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። የሐኪሙን ወረቀት አትጣሉ። የቃል ነገር ይረሳል፤ የጽሑፍ ነገር ይቀመጣል።

መጀመሪያ አጥፋ

ታሪኬን ልጨርስላችሁ። እኚያ አባት ትምህርታቸውን አላቋረጡም። በግራ እጅ መጻፍ በዚያ ዕድሜ ቀላል አይደለም። እርሳሱ እየወደቀ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ ብዙ ጊዜ ተቸገሩ። ሌሎቹ ሦስት መስመር ሲጽፉ እሳቸው አንድ መስመር ይጽፋሉ።

አንድ ማታ፣ «አሁን ስምዎን እንጻፍ» አልኳቸው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ መጻፍ የሚፈልገው ስሙን ነውና።

እሳቸው ግን፣ «ስሜ ይቆይ። መጀመሪያ አጥፋ የሚለውን አስተምረኝ» አሉኝ።

ስምንት ፊደል ናት። መ፣ ጀ፣ መ፣ ሪ፣ ያ፣ አ፣ ጥ፣ ፋ። ሁለት ሳምንት ለመዱት። ከዚያም በካርቶን ላይ በከሰል ጻፉት። ፊደሉ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው፤ ግን ይነበባል። ካርቶኑን ይዘው ወደ ወፍጮ ቤት ሄዱ። በእሳቸው ቦታ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ከማጥፊያው በላይ ግድግዳው ላይ እንዲለጥፈው ሰጡት።

ወጣቱ ማንበብ አይችልም ነበር። «ምን ይላል አባባ?» አላቸው።

አነበቡለት። ቀኝ እጃቸውንም አሳዩት።

ያ ወጣት በሚቀጥለው ሰኞ ማታ ወደ ክፍላችን መጣ። በቀኝ እጁ እርሳስ ያዘ፤ አምስቱም ጣቶቹ ደኅና ናቸው።

አድማጮቼ፣ እናንተም ይህችን ቃል በወረቀት ጻፉ። ማሽን ካላችሁ ማጥፊያው አጠገብ ለጥፏት። ማሽን ከሌላችሁ ማጭዱ በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ለጥፏት። ማንበብ የማይችል ጎረቤት «ምን ይላል?» ቢላችሁ አንብቡለት።

በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን። ጤና ይስጥልን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መብራት በሄደ ጊዜ ማጥፊያውን ዝቅ ማድረግ ለምን ያስፈልጋል?
2. በአንድ እጅ 27 አጥንቶች ካሉ በሦስት ሰዎች እጆች ውስጥ ስንት አጥንቶች ይኖራሉ?
3. ጓንት የሚጠቅመው በየትኛው ሥራ ነው? የሚጎዳውስ በየትኛው ነው?
4. ቁስል ላይ የቡና ዱቄት ወይም እበት ማድረግ ለምን አይገባም?
5. በእናንተ ቤትና በእናንተ ሥራ ቦታ እጅ የሚጎዳ ምን ነገር አለ? ሦስቱን ጻፉ። ነገ ልታስተካክሉት የምትችሉትን በአንዱ ሥር አስምሩ።